አዲስ የገደል መውጫ እንዴት ተመዝግቦ ይገለጣል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በመዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው ማስረጃ አያሻውም። ቁጥሩ ያልሰፈረበት ደብዳቤ፣ ቀኑ ያልተጻፈበት ውሳኔ፣ ፈራሚው ያልታወቀበት ቃለ ጉባኤ ምን ያህል ክርክር እንደሚያስነሣና ባለጉዳዩን ምን ያህል እንደሚያንገላታ፣ ክቡራንና ክቡራት አንባብያን፣ በየዕለቱ በጽሕፈት ጠረጴዛችሁ ላይ የምታዩት ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት መዝገብ ግን ከቢሮ ርቆ፣ በገደል ግርጌ የሚጻፍ ነው። በዚህኛው መዝገብ ውስጥ የሚገባ ስሕተት ባለጉዳይን በማመላለስ ብቻ አይቀርም፤ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ነገሩም አዲስ የገደል መውጫ መንገድ ያገኘ ሰው ያገኘውን እንዴት መዝግቦ ለሌሎች ማስታወቅ እንደሚገባው ነው።

በቅድሚያ ቃላቱን እናብራራ። ገደል መውጣት በብዙ አገር እንደ ስፖርት የሚቈጠር ሥራ ነው። ወጪው በእጁና በእግሩ ድንጋዩን እየያዘ ይወጣል፤ ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድ ወደ ላይ የሚስበው ሳይሆን፣ ቢወድቅ ይዞ የሚያስቀረው ነው። የገመዱን ሌላ ጫፍ ጓደኛው ይይዝለታል። «መንገድ» ሲባልም የተጠረበ ደረጃ ማለት አይደለም። በገደሉ ፊት ላይ እጅ የሚጨብጠው ስንጥቅና እግር የሚቆምበት ጠርዝ እየተከታተለ የሚገኝበት፣ ከግርጌ እስከ አናት የሚያደርስ መስመር ነው። ይህን መስመር ከሁሉ አስቀድሞ የወጣው ሰው በልማድ አንድ መብትና አንድ ግዴታ አለው። መብቱ ለመንገዱ ስም ማውጣት ሲሆን፣ ግዴታው ያደረገውን በትክክል መመዝገብ ነው።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን። በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል «የሐይቆች አውራጃ» የሚባል ተራራማ አገር አለ። በዚያ፣ በግሬት ጌብል ተራራ ጎን ላይ፣ ናፕስ ኒድል የሚባል ቀጭን የድንጋይ ዓምድ ቆሟል፤ ኒድል ማለት መርፌ ነው። በ1886 ዋልተር ፓሪ ሃስኬት ስሚዝ የተባለ ሰው ብቻውን ሆኖ ያለ ገመድ ወጣው፤ ለመድረሱም ምልክት እንዲሆን መሐረቡን በአናቱ ላይ ትቶ ወረደ። መሐረብ ግን ነፋስ የሚወስደው ምስክር ነው። ስለዚህ በዚያው አውራጃ በዋስዴል ሄድ በሚገኘው የእንግዶች ማረፊያ ከ1890 ጀምሮ፣ ገደል ወጪዎች ያገኙትን አዲስ መውጫ የሚጽፉበት መዝገብ ተቀመጠ። ሃስኬት ስሚዝ ራሱ በ1894 የእንግሊዝን ገደሎች የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። በ1897 ደግሞ ኦወን ግሊን ጆንስ የተባለው ሰው የዚያን አውራጃ መንገዶች ከቀላሉ እስከ እጅግ አስቸጋሪው በአራት ክፍል መድቦ አወጣ። ዛሬ በየአገሩ የሚታተሙት የገደል መውጫ መጻሕፍት ሁሉ የዚህ ዐይነቱ መዝገብ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አዲስ መንገድ ያገኘ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?

በመጀመሪያ፣ መንገዱ በእውነት አዲስ መሆኑን መመርመር ነው። ስለዚያ ገደል የተጻፉትን መጻሕፍትና መጽሔቶች ይመለከታል፤ በአካባቢው የሚወጡትን ሰዎች ይጠይቃል፤ በገደሉም ላይ የቈየ ቡሎን፣ የነጣ የገመድ ቁራጭ ወይም በእጅ ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ እንዳለ ያያል። ከሁሉ ይልቅ የአገሬውን ሰው መጠየቅ አለበት። ይህን የመጨረሻውን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው የበለጠ ልናስተውለው እንችላለን። በትግራይ በገርዓልታ አቡነ የማታ ጉሕ ከሚባለው ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ በእጅና በእግር ድንጋዩን እየያዙ ይወጣሉ። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳምም መውጫው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል ሲሆን፣ የሚወጣው በጠፍር ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተስበው ወጡበት የሚለው ትውፊት በየቤቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ስፖርተኞች ገመዳቸውን ይዘው ሳይመጡ ብዙ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ መነኮሳትና ካህናት በእነዚህ ገደሎች ይወጡና ይወርዱ ነበር።

በ2007 ማይካ በርክሃርት የተባለች አሜሪካዊት ገደል ወጪ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ትግራይ መጥታ በአሸዋ ድንጋዩ ላይ ወጥታለች፤ በ2008ም ስለዚሁ ጉዞ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትማለች። እንዲህ ባለው አገር መዝገብ የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። «ማንም አልወጣውም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «የተጻፈ አላገኘሁም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ፊተኛው ማንም በሙሉ ልብ ሊመሰክርበት የማይችል ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው የራስን ምርመራ የሚገልጥ እውነተኛ ቃል ነው። ትሑትና ታማኝ መዝጋቢ ሁለተኛውን ይጽፋል።

ሁለተኛው ነገር ፈቃድ ነው። ገደል ባለቤት የሌለው መስሎ ይታያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት አለው። የገበሬ እርሻ ጠርዝ፣ የመንግሥት ጥብቅ ስፍራ፣ ወይም የተቀደሰ ቦታ ይሆናል። ፈቃድ ሳይጠየቅ የተወጣ ገደል በመዝገብ ላይ ቢወጣ፣ ጽሑፉን አንብበው የሚመጡት ሁሉ የፊተኛውን ሰው ጥፋት ይደግማሉ፤ ፍጻሜውም ገደሉ ለሁሉም መዘጋት ነው። በእንግሊዝ አገር ጭልፊት ጎጆዋን ሠርታ በምታሳድግበት ወራት አንዳንድ ገደሎች ለጊዜው ይዘጋሉ፤ ይህም በመንገዱ መግለጫ አጠገብ ይጻፋል። ስለዚህ ማን እንደ ፈቀደ፣ በየትኛው ወራት መውጣት እንደማይገባና በየትኛው ወገን መቅረብ እንደ ተከለከለ መግለጥ የመዝገቡ አንድ ክፍል ነው።

ሦስተኛው የመንገዱ አካላዊ መግለጫ ነው። እዚህ ላይ ጸሓፊው ስፍራውን ጨርሶ አይቶ የማያውቅ ሰው በፊቱ እንደ ቆመ አድርጎ ማሰብ አለበት። የገደሉን ስም የአገሬው ሰዎች እንደሚጠሩት ይጽፋል። ከመኪና መንገድ እስከ ግርጌው የሚወስደውን የእግር ጉዞ፣ ቢቻል ከነኬክሮሱና ኬንትሮሱ ይገልጣል። መነሻውን በማይንቀሳቀስ ምልክት ያመለክታል። ቀጥሎ ርዝመቱን በሜትር ያስታውቃል። ገደሉ ከገመዱ የረዘመ እንደ ሆነ ወጪዎቹ በየመካከሉ እየቆሙ ስለሚወጡ፣ ከአንዱ መቆሚያ እስከ ሌላው ያለው «አንድ የገመድ ርቀት» ተብሎ ለየብቻው ይገለጣል። በየትኛው ስፍራ መከላከያ መስካት እንደሚቻልና በየትኛው እንደማይቻል፣ የላላ ድንጋይ የት እንዳለ፣ ምን ዐይነት መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ይዘረዘራል። በመጨረሻም አወራረዱ ይጻፋል። ብዙ ጀማሪ ጸሓፊዎች አናት ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ይሁን እንጂ የደከመ፣ ውሃው ያለቀበትና ፀሓይ የጠለቀችበት ሰው ከሁሉ የበለጠ የሚፈልገው የመውረጃውን መንገድ ነው። ከጽሑፉ ጋር መንገዱ በመስመር የተሰመረበት ንድፍ ወይም ፎቶግራፍ ቢጨመር መግለጫው የተሟላ ይሆናል።

አራተኛው ስልት ነው። አንድ ሰው «ወጣሁት» ሲል እንዴት እንደ ወጣው ካልተናገረ ግማሹን እውነት ደብቋል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በዮሰሚቲ ሸለቆ ኤል ካፒታን የሚባል 900 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የግራናይት ግድግዳ አለ። ዋረን ሃርዲንግና ጓደኞቹ «አፍንጫ» የተባለውን መንገድ በ1957 ጀምረው በኅዳር ወር 1958 ፈጸሙት። ገመድ በገደሉ ላይ ሰቅለው እየተዉ፣ እየወረዱና እየተመለሱ፣ በችካልና በቡሎን እየተረዱ፣ ከ40 በሚበልጡ የሥራ ቀናት ነበር። በ1960 ሮያል ሮቢንስና ሦስት ጓደኞቹ ያንኑ መንገድ ከግርጌ ተነሥተው ሳይመለሱ በ7 ቀን ወጡት። በ1993 ሊን ሂል የተባለች ሴት በችካልና በቡሎን ላይ ሳትንጠለጠል፣ በእጅዋና በእግርዋ ብቻ ድንጋዩን ይዛ ወጣችው፤ በሚከተለውም ዓመት ይህንኑ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፈጸመችው። ግድግዳው አንድ ነው፣ ሥራዎቹ ግን ይለያያሉ። እያንዳንዳቸው ስልታቸውን በግልጥ ስለ ተናገሩ የአንዳቸው ክብር የሌላውን አልነካም። ስለዚህ መዝገቡ፦ በስንተኛው ሙከራ ተወጣ? በገመድ ላይ ዕረፍት ተደርጓል? አስቀድሞ ከላይ በገመድ ወርዶ ያየው ሰው ነበር? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መስጠት አለበት።

አምስተኛው የአስቸጋሪነት ደረጃ ነው። አገሮች ልዩ ልዩ መለኪያ አላቸው። አሜሪካኖች ከ5.0 ጀምሮ እስከ 5.15 የሚደርስ ቁጥር ይጠቀማሉ፤ ፈረንሳዮች ቁጥርን ከፊደል ጋር ያጣምራሉ፤ ሌሎችም በሮማውያን ቁጥር ይጽፋሉ። በየትኛውም ቢለካ መጀመሪያ የወጣው ሰው የሚሰጠው ደረጃ አሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም። በ2017 የቼክ ተወላጅ የሆነው አዳም ኦንድራ በኖርዌይ አገር በፍላታንገር አንድ መንገድ ወጥቶ፣ ከዚያ በፊት ለማንም መንገድ ያልተሰጠውን 9ሲ የተባለ የፈረንሳዮች ደረጃ ሲሰጠው እንኳ ያቀረበው እንደ አሳብ ነበር። ደረጃ የሚጸናው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ወጥተው ሲያረጋግጡት ነው። ደረጃውን ከፍ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ለራሱ ክብር ይሻል፤ ዝቅ አድርጎ የሚጽፍ ደግሞ ጀግና ለመባል ብሎ ሌላውን ለአደጋ ይዳርጋል። ሁለቱም የተበላሸ ሚዛን ናቸው።

ስድስተኛው በድንጋዩ ላይ የቀረው ብረት ነው። ወጪው ድንጋዩን ሰርስሮ ቡሎን የመታ እንደ ሆነ፣ ስንት እንደ መታ፣ ከምን ብረት እንደ ተሠራና በየትኛው ቀን እንደ ተመታ መጻፍ አለበት። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በታይላንድ አገር በክራቢ ባሕር ዳር ባሉት የኖራ ድንጋይ ገደሎች የተመቱ ብዙ ቡሎኖች፣ የማይዝግ ከሚባለው ብረት የተሠሩት ሳይቀሩ፣ በባሕሩ ጨው ምክንያት ከውስጥ ተበልተው ተገኝተዋል፤ በቲታኒየምም እንዲተኩ ተደርጓል። የቡሎን መበላት ሁልጊዜ ከውጭ አይታይም። ዕድሜውን የሚናገር መዝገብ ከሌለ፣ በላዩ የሚንጠለጠለው ሰው የሚተማመነው በዕድል ብቻ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ለማሳየት በአሳብ የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ እናቀርባለን።

«ገደሉ፦ የአገሬው ሰዎች ቀይ አምባ የሚሉት፣ የምሥራቁ ፊት። አደራረስ፦ ከመኪናው መንገድ በእግር 40 ደቂቃ። ፈቃድ፦ የመሬቱ ባለቤት ተጠይቀው ፈቅደዋል። መነሻ፦ ከትልቁ ዋርካ በስተግራ 12 እርምጃ፣ እጅ ከሚያስገባው ስንጥቅ ሥር። ርዝመት፦ 65 ሜትር፣ በሁለት የገመድ ርቀት። አንደኛው ርቀት 35 ሜትር፣ ስንጥቁን ተከትሎ እስከ ሰፊው እርከን። ሁለተኛው ርቀት 30 ሜትር፣ ከእርከኑ ቀኝ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፤ ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሜትር መከላከያ የሚሰካበት ቦታ የለም። አደጋ፦ ከአናቱ በታች የላላ ድንጋይ አለ። አወራረድ፦ በሰሜን በኩል በእግር 30 ደቂቃ። ቡሎን፦ አልተመታም። ስልት፦ በሦስተኛው ሙከራ፤ በሁለተኛው ርቀት አንድ ጊዜ በገመዱ ላይ ዐርፈናል። ደረጃ፦ በእኛ አሳብ 5.8። ከዚህ በፊት ስለ መወጣቱ የተጻፈ አላገኘንም፤ የመንደሩ ሽማግሌ ግን እረኞች እስከ እርከኑ ድረስ ይወጡ እንደ ነበር ነግረውናል።»

ከዚህ በታች የወጪዎቹ ስምና ቀኑ ይሰፍራል። «አንድ ጊዜ በገመዱ ላይ ዐርፈናል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አስተውሉ። ይህን መጻፍ ኩራትን ይነካል፤ ባይጻፍም ማንም አያውቅም። ሆኖም የመዝገቡን ሌላ ቃል ሁሉ ለማመን የሚያስችለን ይህ ቃል ነው። በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ስለ ድንጋዩ አይዋሽም።

ተጽፎ ያለቀው መዝገብ ወዴት ይላካል? አጭር መንገድ የሆነ እንደ ሆነ ለአካባቢው የገደል ወጪዎች ማኅበር፣ ወይም የዚያን አገር የመውጫ መጽሐፍ ለሚያዘጋጀው ሰው ይሰጣል። በታላላቅ ተራሮችና ግድግዳዎች ላይ የተከፈተ መንገድ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ከ1929 ጀምሮ ወደሚታተመው የአሜሪካ የአልፓይን መጽሔት ይላካል፤ ይህ መጽሔት ከዓለም ዙሪያ የሚመጡትን የአዲስ መንገድ ዜናዎች ሰብስቦ ያወጣል። አንድ ቅጂ ግን በዚያው አገር፣ በአገሬው ቋንቋ፣ በመሪዎችና በአስተዳደር ቢሮ ዘንድ መቅረት ይገባዋል። ስለ አንድ ወረዳ ገደል የተጻፈው ሁሉ በባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ የወረዳው ሰው ምንም ሳይኖረው ቢቀር፣ መዝገቡ ከባለቤቱ ሸሸ ማለት ነው።

መዝገብ ሲጐድል ወይም እውነት ሲጠፋው ምን እንደሚከተል የሚያሳይ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። በደቡብ አሜሪካ በፓታጎኒያ ሴሮ ቶሬ የሚባል፣ 3,128 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አናቱ በበረዶ የተሸፈነ የድንጋይ ግንብ ይገኛል። በ1959 ቼዛሬ ማኤስትሪ የተባለ ጣልያናዊ ከአውስትሪያዊው ቶኒ ኤገር ጋር ሆኖ አናቱ ላይ መድረሱን ተናገረ። ኤገር በመውረድ ላይ ሳሉ ሞተ፤ ፎቶግራፍ ማንሻውም ከእርሱ ጋር ጠፋ ተባለ። ከጠፋው ሥዕል ሌላ የማኤስትሪ መግለጫ የላይኛውን ክፍል በዝርዝር የሚያስረዳ ስላልነበረ ጥርጣሬ ተነሣ። በ1970 ማኤስትሪ ተመልሶ በሞተር ኃይል በሚሠራ መሰርሰሪያ በሌላ ወገን ብዙ ቡሎን መታ፤ ክርክሩ ግን ባሰ። ያለ ክርክር አናቱን የረገጡት በ1974 በካዚሚሮ ፌራሪ የተመሩት ጣልያናውያን ናቸው። በ2005 ሦስት ገደል ወጪዎች ማኤስትሪ ወጣሁበት ባለው ወገን ሲወጡ፣ በላይኛው ክፍል የእርሱን ምልክት አላገኙም። ማኤስትሪ እስከሞተበት እስከ 2021 ድረስ ቃሉን አልለወጠም፤ ብዙዎቹ ገደል ወጪዎችም ቃሉን አልተቀበሉትም። አንድ ሰው ብዙ ዓመት በክርክር ኖሮ በክርክር ሞተ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የቶኒ ኤገር ነው፤ እርሱ የት ደርሶ እንደ ሞተ እንኳ የሚታመን ቃል አልተረፈለትም።

ከዚህ ታሪክ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ እናስቀምጥ። ኤልሳቤጥ ሆውሊ የተባለች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ በ1960 በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ መኖር ጀመረች፤ ከ1963 ጀምሮም ወደ ሂማላያ ተራሮች የሚሄዱትን ጓዶች ሁሉ እየመዘገበች ኖረች። እርሷ ራሷ አንድም ታላቅ ተራራ ወጥታ አታውቅም። ሥራዋ ወጪዎቹ በሚያርፉበት ሆቴል ተገኝታ መጠየቅ ነበር፦ በየትኛው ወገን ወጣችሁ? በስንት ሰዓት ደረሳችሁ? ከአናቱ ላይ ምን ይታያል? በ2009 የካንቼንጁንጋን ተራራ ወጣሁ ባለችው በኮሪያዊቷ ኦ ኡንሰን ላይ ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜም፣ ሆውሊ አልፈረደችባትም፤ «አከራካሪ» ብላ ብቻ መዘገበች። መዝገቧ በ2004 ታትሞ ወጣ፤ እርሷም በ2018 በ94 ዓመቷ ዐረፈች። ተራሮቹን የወጡት ሌሎች ናቸው፤ የወጡትን ከልወጡት ለይቶ ያቆየልን ግን የእርሷ ብዕር ነው።

እንግዲህ፣ ክቡራንና ክቡራት አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ የምታነብቡት አብዛኞቻችሁ ገደል እንደማትወጡ እናውቃለን፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም አይወጣም። ይሁን እንጂ የገደል ወጪው መዝገብ ሕግ የእናንተም መዝገብ ሕግ ነው። ያደረግነውን ያህል ብቻ እንጻፍ፤ ያላደረግነውን አንጨምር። ከእኛ በፊት የነበረውን ሰው ድካም አንሰርዝ። የተረዳንበትን ረዳት፣ የተሳሳትንበትን ስፍራ አንደብቅ። ከእኛ በኋላ የሚመጣውን፣ ስሙን የማናውቀውን ሰው አስበን አደጋውንና መውረጃውን እናመልክት። ያ ሰው በገደሉ ወገብ ላይ ሆኖ የሚጨብጠው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ የጻፍነውንም ቃል ይጨብጣል።